ከዓረቡ የገዛነው ካሚዮን

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አሮጌ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ባሌን ሳያሳይ አይገዛም ነበር። ባሌ ሞተሩን ያስነሳል፣ ከሥር ተንጋሎ ይገባል፣ ጎማውን ያንኳኳል፣ ፍሬኑን ቁልቁለት ላይ ይሞክራል። ይህን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ እጁን እየጠረገ ወደ ሻጩ ይዞርና፣ «ካንተ በፊት ማን ይነዳው ነበር? ምንስ ይጫንበት ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ሻጮቹ ይስቃሉ። «መኪና ነው የምሸጠው ወይስ ልጄን ልድርልህ?» ያለውም ነበር። ባሌ ግን አይስቅም። መልሱ ካላጠገበው ገዢውን በክንዱ ይዞ ከግቢው ይወጣል። ለምን እንደዚያ እንደሚያደርግ እሱ፣ እኔና ወንድሜ ብቻ ነበርን የምናውቀው። አሁን ሁለቱም የሉም።

ስንጋባ ባሌ የሚሠራው በጣሊያኖች ጋራዥ ነበር። መንገዱ ሲሠራ ድንጋይ ተሸክሞ ጀመረ፤ ኋላ መኪና አጣቢ፣ ከዚያ የመካኒክ ረዳት፣ በመጨረሻ ነጂ አደረጉት። ሥራውን ይወደዋል፤ አሠሪዎቹን ግን ይፈራቸዋል። ወደ ቤት ሲመጣ ጎረቤት ሰላምታውን እየቆረጠ ነበር የሚመልስለት። እኔም ገበያ ስወጣ ከኋላዬ «የጣሊያን ሹፌር ሚስት» ሲባል እሰማለሁ። ከተማው በጣሊያን እጅ ነው፤ ከከተማው ትንሽ ወጣ ሲባል ያለው አገር ደግሞ በአርበኛ እጅ ነው። ባሌ በየሳምንቱ በሁለቱ መካከል ይመላለሳል። እሱ መንገድ በወጣ ቁጥር እህል አይወርድልኝም ነበር። ሲመለስ ደግሞ በር በተንኳኳ ቁጥር እደነግጣለሁ።

ቤንዚን እየጠፋ ሲመጣ ጋራዡ ሠራተኛ ቀነሰ፤ ባሌንም አሰናበቱት። እኔ ተመስገን አልኩ። እሱ ግን መኪና ከነዳ በኋላ ሌላ ሥራ አልገባው አለ። ወንድሜ በበቅሎ እህል እየጫነ ከሉማሜ ወደ ከተማ የሚያመላልስ ነጋዴ ነበር፤ ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ሳያገላብጥ አንዲት ጆንያ አይገዛም። አንድ ቀን እቤታችን መጥቶ፣ «ዓረቡ ካሚዮኑን ሊሸጥ ነው አሉ» አለ።

ዓረቡ የምንለው ገበያው ዳር ሱቅ የነበረው የየመን ሰው ነው። ጨርቅና ስኳር ይሸጣል፤ መንገድ ለሚሠሩትም በካሚዮኑ ድንጋይና አሸዋ ያመላልስ ነበር።

ባሌ፣ «ለምን ይሸጠዋል?» አለ።

«ወደ አገሩ ሊሄድ ነው ይላል። ፈቃዱ በስሙ ይቆይልናል፣ የቀረችውን በርሜል ቤንዚንም ጨምሮ ይሰጣል አሉ።»

የባሌ ዓይን በራ። እኔ ያን ጊዜ ነው እንደገና መፍራት የጀመርኩት።

ካሚዮኑን ሊያዩ ሲሄዱ እኔም አብሬ ሄድኩ፤ ባሌ፣ «ጭሱን የሚያይልኝ ሰው እፈልጋለሁ፤ የወንድምሽ ዓይን ሻጩ ላይ ነው የሚውለው» ስላለኝ ነው። ማለዳ ነበር። ባሌ እንደ ደረሰ መጀመሪያ ክዳኑን ከፍቶ እጁን ሞተሩ ላይ አሳረፈ። ሻጭ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀህ የሚደብቀው ነገር አለ ማለት ነው ብሎ ነግሮኝ ነበር። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው። ከፊት በሚሰካው ብረት፣ በማኒቬላው፣ አዙሮ ሲያስነሳው ተንቀጠቀጠና ያዘ።

«ጭሱ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ጮኸልኝ።

«ነጭ ነው! አሁን ጠፋ!»

«ሰማያዊ ካየሽ ንገሪኝ! ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ይበላል ማለት ነው!»

ሰማያዊ አላየሁም። ከዚያ ራዲያተሩን ከፍቶ ውሃው ላይ ዘይት መንሳፈፍ አለመንሳፈፉን አየ፤ ከሥር ገብቶ የሚንጠባጠብ ነገር ፈለገ፤ መሪውን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ጎማው ሳይንቀሳቀስ መሪው ብቻውን ምን ያህል እንደሚዞር ተመለከተ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ቁልቁለት ወስዶ ፍሬኑን ረገጠው። ካሚዮኑ ቀጥ ብሎ ቆመ። ባሌ ሲወርድ ፊቱ እንደ ሠርጉ ቀን ነበር።

ወንድሜ ግን አልተደሰተም። በካሚዮኑ ዙሪያ እየዞረ ከግራው የፊት ጎማ በላይ ያለውን ቆርቆሮ ዳሰሰ። ታጥፎ በመዶሻ የተቃና ነው።

«ይህ ምን ሆኖ ነው?»

«ድንጋይ ገጨ» አለ ዓረቡ።

«የጭነቱ ሳንቃስ? መኪናው አሮጌ፣ ሳንቃው አዲስ።»

«ድንጋይ ሲጫንበት ተሰባበረ። ለእናንተ ብዬ አሳደስኩት።»

ሰውየው ይህን ሲል ወንድሜን አላየም፤ እኔን ነው ያየው፣ ወዲያው ደግሞ መሬቱን። እጁ ላይ መቁጠሪያ ነበረው፤ ቶሎ ቶሎ ይቆጥራል። ወንድሜ ወደ ጎን ስቦን፣ «ሰውየው የሆነ ነገር ፈርቷል» አለ።

ባሌ፣ «ዛሬ የማይፈራ ማን አለ?» አለ። «እኔ ያየሁት ሞተሩን ነው። ሞተሩ ደኅና ነው።»

የወንድሜ በቅሎዎች ተሸጡ፤ የእናቴም ጌጥ ተጨመረበት። ካሚዮኑ እደጃችን ቆመ። ሌሊት ነቅቼ ሳስበው ደስታም ፍርሃትም ነበረኝ፤ የቱ እንደሚበልጥ ግን አላውቅም።

የመጀመሪያው ጉዟችን ወደ ሉማሜ ሆነ። ወንድሜ እህል ሊያዘጋጅ ቀድሞ ሄዷል። አርበኞች ሴት ያለችበት መኪና ላይ ቶሎ አይተኩሱም ሲባል ሰምቼ ስለ ነበር፣ እኔም እሄዳለሁ አልኩ። ባሌ እንቢ አለ። እኔ ግን ወጥቼ ጎኑ ተቀመጥኩ። ቤት ሆኜ ከምጠብቀው ይሻለኛል።

ጤፍ የሚወቃበት ወቅት ነበር። ከከተማ እንደ ወጣን ገና ሩቅ ሳለን ሰው አውድማውን ጥሎ ሲሮጥ አየሁ። በሬዎቹ ብቻቸውን ቀሩ። ሴቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወደ ገደሉ ይወርዳሉ።

«ጣሊያን መስለናቸው ነው» አለ ባሌ።

«ሌላም መኪና በዚህ ያልፋል እኮ። ለሁሉም እንደዚህ ይሮጣሉ?»

ማርሽ ቀይሮ ፍጥነቱን ጨመረ። እኔም ነጠላዬን አውርጄ ፀጉሬ እንዲታይ አደረግሁ፣ ሴት መሆኔ ከሩቅ እንዲለይ።

ወንዝ ልንሻገር ስንል መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ አገኘነው። ባሌ ፍሬን ያዘ። ወደ ኋላ ሊመልሰው ማርሽ ሲያስገባ ከኋላችን ሌላ ድንጋይ ሲንከባለል ሰማን። ከዚያ አርበኞቹ ከቁጥቋጦው ወጡ። ጠመንጃ የያዙም ጦር የያዙም ነበሩ። ባሌን ከነመቀመጫው ጎትተው ነበር ለማለት ይቻላል ያወረዱት። እጁን ወደ ኋላ በጠፍር አሰሩት። እኔን ማንም አልነካኝም፤ ወርጄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

አለቃቸው ጎፈሬው የተንጨፈረረ፣ በዕድሜው ከባሌ ብዙም የማይበልጥ ሰው ነበር። ከግራው ጎማ በላይ ያለውን የተቃና ቆርቆሮ በጠመንጃው አፈ ሙዝ መታ መታ አደረገው።

«ይቺን ታውቃታለህ?»

«ድንጋይ የገጨው ነው፣ ጌታዬ» አለ ባሌ።

«ድንጋይስ ድንጋይ ነው። የኛ ደጀ ሰላም ድንጋይ ነው። ሰዉን ጭነህ ስትዞር የገጨኸው።»

ባሌ ምንም አልገባውም። እኔም አልገባኝም። አለቃው እየቆራረጠ ነገረን። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት መግቢያ ላይ፣ የወር በዓል ውሎ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ወታደሮች በዚህ ካሚዮን መጡ። ለአርበኛ ስንቅ ታቀብላላችሁ ብለው ወንዶቹን መርጠው ጫኑ። ካሚዮኑ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው አልተመለሰም፤ ሬሳም አልተገኘም።

«ነጂው የኛው ሰው ነበር» አለ አለቃው። «እንዳንተው ያለ።»

«እኔ አይደለሁም! ከዓረቡ ከገዛነው ገና ጥቂት ቀናችን ነው!» ባሌ ድምፁ ተሰበረ። «መኪናውን እንጂ ሌላውን ምን አውቄ!»

ከሰዎቹ አንዱ ባሌን በእግሩ ገፋው። እኔ ተነሥቼ አለቃው እግር ሥር ወደቅሁ። ምን ምን እንዳልኩ ሁሉንም አላስታውስም። ባሌ ጋራዥ ይሠራ እንደ ነበር አልደበቅኩም፤ ብደብቅ ኋላ ይብስብናል ብዬ ነው። «ያን ቀን ነጂውን ያየ ሰው የለም ወይ? አምጡትና ይየው። ባሌ ከሆነ እኔንም አብራችሁ ግደሉኝ» አልኩ። ይህን ያልኩት ባሌን አምኜ ነው። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ግን ተጠራጠርኩ። ጋራዥ ሲሠራ የሄደበትን ሁሉ በእርግጥ አውቃለሁ? በዚያ ክረምት መግቢያ ቤት ውስጥ ነበር? አስቤ አስቤ ማስታወስ አቃተኝ። እሱም ቀና ብሎ ሲያየኝ ያሰብኩትን ያወቀብኝ መሰለኝ።

አንዲት ሴት አስጠሩ። ባላቸውና ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ከተጫኑት መካከል ናቸው፤ ካሚዮኑ ሲነሣ የኋላ ሳንቃውን ይዘው ተጎትተው ነበር አሉን። እስኪመጡ ድረስ ፀሐዩ አልሄድ አለ። ባሌ ውሃ ጠየቀ፤ አለቃው እንዲሰጡት ፈቀደ። እኔ በቅል አጠጣሁት፤ ጥርሱ ከቅሉ ጋር ይጋጫል።

ሴትየዋ መጡ። ረዥም፣ ቀጭን ሴት ናቸው። ሐዘን ያለበት ሰው ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ነጭ ነው የለበሱት። ባሌ ፊት ቆሙና እንዲነሣ አዘዙት። አገጩን በእጃቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ለረዥም ጊዜ አዩት።

«አይደለም» አሉ። «ያኛው ሳንቃውን ሊዘጋ ሲወርድ ፊት ለፊት ተያይተናል። ይህ ልጅ አይደለም።»

ባሌ ቆሞ ማልቀስ ጀመረ። ሴትየዋ ግን ትተውት ወደ ካሚዮኑ ሄዱ። ማንም ሳይረዳቸው ወደ ላይ ወጡና ጭነቱ የሚቀመጥበት ላይ ቁጭ አሉ። ሳንቃውን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ቀይረውታል» አሉ። «ለምን ቀየሩት?»

ለምን እንደ ተቀየረ ሁላችንም የገባን ይመስለኛል፤ ደም ነክቶት ነው።

አለቃው መኪናው ይቃጠል አለ። ሴትየዋ ከላይ ሆነው፣ «መኪናው ምን ያደርግልኛል?» አሉ። «የት ወስዶ እንዳራገፋቸው ይነገረኝ። ሞቱ ብዬ አላለቀስኩ፣ ተዝካር አላወጣሁ። አሉ ብዬ ደግሞ በር ከፍቼ አድራለሁ። ሻጩን ያውቀው የለም ወይ? ሄዶ ይጠይቅልኝ።»

አለቃው አሰበበት። በመጨረሻ የባሌን እጅ አስፈታ።

«ትሄዳለህ። የት እንደ ተወሰዱ ጠይቀህ ትመጣለህ። ሚስትህ እዚህ ትቆያለች። ጣሊያን ይዘህ ከመጣህ፣ ወይም ጨርሶ ካልመጣህ፣ የምናደርገውን አንተው ታውቃለህ።»

ባሌ ወደ እኔ ዞረ። «እመጣለሁ» አለኝ። በእግሩ ወደ ደብረ ማርቆስ አቅጣጫ ሄደ፤ መታጠፊያው እስኪሸፍነው ቆሜ አየሁት።

ሴትየዋ ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ። ጎጇቸው የሰው ጠረን አልነበረበትም፤ የወንዶቹ ጋቢዎች ታጥፈው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፣ የታላቁ ልጅ የዳዊት ማኅደር ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። ትልቁ ልጃቸው ዲያቆን እንደ ነበር ያኔ ነገሩኝ። በሬዎቹን ጎረቤት እያረሰላቸው ነው። አጥሚት ሰጡኝ።

«ይመጣል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ይመጣል፣ እሜቴ።»

«ባይመጣ እኔ እነሱን እለምናቸዋለሁ። አንቺን አይነኩሽም።» እንዝርታቸውን አንሥተው፣ «ብቻ ይምጣ» አሉ።

እሱ በሄደበት ጊዜ ውስጥ የማላስበው ነገር አልነበረም። ኬላ ላይ ይይዙታል። ዓረቡ ሄዶ ይሆናል። ዓረቡ ቢኖርም አይናገርም። ወይም ባሌ ከተማ ሲገባ ፍርሃት ይይዘውና እዚያው ይቀራል፤ ይህንንም አስቤያለሁ። ወንዶቹ በበሩ በኩል ባለፉ ቁጥር ሴትየዋ እየወጡ ደጁ ላይ ይቆሙ ነበር። እኔን ከእነሱ ለመጋረድ መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። አብረን ጥጥ ፈተልን። የሳቸው እንዝርት አንድ ጊዜም አልተሳሳተም፤ የኔ ክር እየተበጠሰ አስቸገረኝ።

ባሌ የመጣው በማግስቱ ከብቶች ሲገቡ ነው። አቧራ ለብሷል፣ እግሩ ደምቷል። ገና ሳየው መጮህ አማረኝ፤ ግን የሴትየዋን ፊት ሳይ ተውኩት። አለቃውና ሰዎቹ ተከትለውት ገቡ። ባሌ አልተቀመጠም፤ ወደ ሴትየዋ ዞሮ ተናገረ።

ዓረቡን ዕቃውን ለጉዞ ሲያስር አገኘው። መጀመሪያ ክዶት ነበር። ባሌ፣ «ሚስቴን ይዘውብኛል» ሲለው ግን ጆንያ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ወታደሮቹ ካሚዮኑን ከነነጂው በግድ ነበር የወሰዱበት። ነጂው በማግስቱ ማኒቬላውን እደጁ ላይ ወርውሮ፣ የሆነውን ሁሉ ነግሮት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠፋ። ዓረቡ ሳንቃውን በገዛ እጁ ነቅሎ አቃጠለው። ለማንም ትንፍሽ አላለም።

«የት ነው?» አሉ ሴትየዋ።

«ወደ ደብረ ኤልያስ በሚወስደው በኩል፣ መንገድ ሠሪዎቹ ድንጋይ ያወጡበት ጉድጓድ አለ። እዚያ ነው፣ እናቴ። በዚያው ቀን ነው። ድንጋይና አፈር አለበሷቸው።»

አለቃው፣ «ውሸት ቢሆንስ? በምን እናምንሃለን?» አለ።

ባሌ አመነታ። «ነጂው ለዓረቡ የነገረው አንድ ነገር አለ። ሞተሩ ሲጮህ እንኳ ከኋላው ድምፅ ይሰማው ነበር። አንዱ ልጅ መንገዱን ሙሉ ውዳሴ ማርያም ሲደግም ነበር። እስኪወርዱ ድረስ አላቋረጠም።»

ሴትየዋ ምሰሶውን ያዙ።

«ረቡዕ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «የረቡዕን ነው የደገመው።»

ከዚያ ያን ሁሉ ወር ያቆዩትን ለቅሶ ለቀቁት። ድምፃቸውን የሰማ ጎረቤት ሁሉ እየሮጠ መጣ፤ ሌሎቹም ባሎቻቸውና ልጆቻቸው የተወሰዱባቸው መጡ። ግቢው በእንባ ሞላ። እኔም ከእነሱ ጋር ደረቴን እየመታሁ አለቀስኩ፤ ለማላውቃቸው ሰዎች፣ ለባሌም መመለስ፣ ለሁሉም። አለቃው ጎፈሬውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ቆሞ ነበር። የወሰዱበት ታናሽ ወንድሙን እንደ ሆነ ቆይቼ ሰማሁ።

በማግስቱ ሲሸኙን ሴትየዋ ጥቁር ለብሰው ነበር። ካሚዮኑ ወንዙ ዳር ቆሟል፤ ጎማዎቹ የሉም። ሰዎቹ ጎማውን ቆርጠው በረባሶ ሠርተውበታል፤ አንዳንዶቹም ተጫምተውት ነበር። ባሌ ቆሞ አየው። በእግራችን ሉማሜ ደርሰን ለወንድሜ ነገርነው። የወንድሜ በቅሎዎች ሄደዋል፣ ካሚዮኑም ሄዷል። ለረዥም ጊዜ አኮረፈን፤ ቤታችንም አልመጣ አለ። እኔ አልፈረድኩበትም። እየፈራ የተናገረውን ያልሰማነው እኛ ነን።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ለቆ በሄደ በዚያው በጋ የሴትየዋ ደብር ሰዎች አካፋና ዶማ ይዘው ወደ ጉድጓዱ መጡ። ባሌም ሄደ። ከጠዋት ጀምሮ ሲቆፍር ማንም ሊያሳርፈው አልቻለም። አጥንቱ ተቀላቅሎ ስለ ነበር የማን የማን እንደ ሆነ መለየት አልተቻለም። ሴትየዋ፣ «አብረው ነው የሄዱት፤ አብረው ይቀበሩ» አሉ፤ የሌሎቹም ቤተሰቦች ተስማሙ። በነጭ አቡጀዲ ጠቅልለን፣ ካህናቱ ፍትሐት አድርሰውላቸው፣ በደብራቸው ቅጥር ውስጥ በአንድ መቃብር ተቀበሩ።

ለተዝካሩ ጠላ ስንጠምቅ ወንድሜ በተዋሰው በቅሎ እህል ጭኖ መጣ። ማንም አልጠራውም። ጆንያዎቹን አውርዶ ከባሌ ጎን ተቀመጠ፣ አብረው ፍሪዳውን አረዱ። በዚያው ታረቁ።

ባሌ እስኪያረጅ ድረስ የሰው መኪና እየነዳ ኖረ፤ የራሳችን መኪና አልገዛንም። ከተዝካሩ በዓመቱ የመጀመሪያ ልጃችንን ወለድኩ፤ ክርስትና ያነሡልን ሴትየዋ ናቸው። ወደ ደብረ ማርቆስ በሚያልፈው ካሚዮን ላይ እናሳፍርዎ ብንላቸው አሻፈረኝ አሉ። ከመንደራቸው ተነሥተው በእግራቸው መጡ፣ ገብተው ሕፃኗን ሲያቅፉ እግራቸው በጭቃ ተለውሶ ነበር። እኔ እግራቸውን አጠብኩ፣ ባሌ ደግሞ መደቡን አነጠፈላቸው።